ካንባን ሰሌዳ ሰቀልን፣ ሥራው ግን አሁንም እየጠፋብን ነው፤ ማተሚያ ቤት ውስጥ የተጠቀመበት ሰው አለ?

ወረቀትና ቀለም
ኅዳር 18

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

የምሠራው ልደታ አካባቢ ባለ አንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ነው። ቤቱ የአጎቴ ነው፤ ትዕዛዝ መቀበል፣ ሥራውን እስከ ርክክብ መከታተልና ከደንበኛ ጋር መነጋገር የእኔ ድርሻ ነው። ከጋሼ ሌላ ስምንት ነን፦ ሁለት ዲዛይነሮች፣ ሁለት የማሽን ኦፕሬተሮች፣ ጥረዛ ላይ ሦስት ልጆች፣ እና እኔ። ያለን ባለ አንድ ቀለም ሃይደልበርግ ጂቲኦ ማተሚያ ማሽን፣ አንድ ወረቀት መቁረጫና አንድ ዲጂታል ማተሚያ ነው። ፕሌት (ማሽኑ ላይ የሚገጠመውን የህትመት ሳህን) ውጭ እናሠራለን። የሠርግ ካርድ፣ የደረሰኝ ፓድ፣ ብሮሸር፣ የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት፣ ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ካላንደር እንሠራለን።

ግንቦት ላይ የሁለት ቀን ሥልጠና ተካፍዬ ስለ ካንባን (ሥራን በሰሌዳና በካርድ የመከታተያ ዘዴ) ሰማሁና በሚቀጥለው ሰኞ ነጭ ሰሌዳ ገዝተን ከመቁረጫው አጠገብ ሰቀልን። በጥቁር ፕላስተር ሰባት ዓምድ አበጀሁለት፦ የገባ ትዕዛዝ፣ ዲዛይን፣ የደንበኛ ማረጋገጫ፣ ፕሌት፣ ህትመት፣ ጥረዛ፣ ርክክብ። እያንዳንዱ ሥራ አንድ ስቲከር አለው። (በእንግሊዝኛው ካርድ ነው የሚባለው፤ ከሠርግ ካርድ ጋር ስለሚምታታብን እኛ ስቲከር ነው የምንለው።) የደንበኛው ስም፣ ብዛቱ፣ የወረቀቱ ዓይነትና የቀጠሮው ቀን ይጻፍበታል።

የመጀመሪያው ወር ጥሩ ነበር። ልጆቹ ጠዋት ሻይ ይዘው ሰሌዳው ፊት ይነጋገሩ ነበር። የካላንደር ሥራ መጉረፍ ሲጀምር ግን ስቲከር የማንቀሳቅሰው እኔ ብቻ ሆንኩ። ማታ ከመዘጋቱ በፊት እየዞርኩ «ይሄ የት ደረሰ? ያኛውስ?» እያልኩ እጠይቅና አስተካክላለሁ። በማግስቱ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ እንደገና ከእውነታው ይርቃል።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የገና ጾም ከመግባቱ በፊት የደረሰብን ነገር ነው። አንድ አባት ለልጃቸው ሠርግ 400 ካርድ አዘዙ። ወርቃማ ቀለም ብቻ ነው፣ ባለ 300 ግራም አርት ካርድ ላይ። ማክሰኞ ከሰዓት ታትሞ አለቀ። ኦፕሬተሩ እንዲደርቅ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠውና በዚያው ወደ አንድ አስቸኳይ የደረሰኝ ሥራ ዞረ። ስቲከሩ «ህትመት» የሚለው ዓምድ ውስጥ እንደተለጠፈ ቀረ። ጥረዛ ያሉት ልጆች ሰሌዳውን ሲያዩ ገና እየታተመ ነው ብለው አሰቡ፣ ኦፕሬተሩ እነሱ ወስደውታል ብሎ አሰበ፣ እኔ ደግሞ ሰሌዳውን አመንኩ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አባትየው መጡ። ካርዱ ከመደርደሪያው አልተነሳም። አልጮሁብኝም። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና «ልጄ፣ ጥሪ ያልደረሰው ዘመድ ዕድሜ ልኩን ነው የሚያነሳብኝ፤ ማተሚያ ቤቱ ነው ብል ማን ይሰማኛል?» አሉኝ። ሁላችንም ሥራ አቁመን ገባንበት። 400ውን ቆርጠን፣ አጥፈን፣ ፖስታው ውስጥ ከተን ለማስረከብ የፈጀብን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ለሁለት ሰዓት ተኩል ሥራ ነው አራት ቀን የቆየው። እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ጋሼ ያን ቀን «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሰሌዳ ትተሽ ልጆቹን ብትቆጣጠሪ ይሻላል» አሉኝ። እኔ ግን ጥፋቱ የልጆቹ አይመስለኝም፤ ሁሉም ከጠዋት እስከ ማታ ቆመው ነው የሚውሉት። ሰሌዳው ላይ የጎደለ ነገር አለ፣ ምን እንደሆነ ነው ያልገባኝ። የጥር ሠርግ ሥራ ታኅሣሥ ላይ ይጀምርብናል። ከዚያ በፊት ማስተካከል እፈልጋለሁ። የምታውቁ እርዱኝ።

ኮድና ቡና
ኅዳር 18

ሰላም እህቴ። እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝ፣ ህትመት አላውቅም፤ በሰሌዳው ግን ሰባት ዓመት ሠርቼበታለሁ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ሦስት ነገር ልጠይቅሽ። አሁን በየዓምዱ ስንት ስቲከር አለ? በየዓምዱ ከዚህ በላይ አይገባም የሚል ቁጥር አስቀምጣችኋል? በሳምንት ስንት ሥራ ታስረክባላችሁ?

ወረቀትና ቀለም
ኅዳር 19

አመሰግናለሁ። ጠዋት ስገባ ቆጠርኩ። የገባ ትዕዛዝ 9፣ ዲዛይን 11፣ የደንበኛ ማረጋገጫ 8፣ ፕሌት 3፣ ህትመት 7፣ ጥረዛ 4፣ ርክክብ 6።

ዲዛይን ላይ ካሉት 11 ውስጥ 5ቱን የለጠፍኳቸው ዛሬ ነው። ደንበኞች በቴሌግራም በቀጥታ ለዲዛይነሮቹ የላኳቸው ናቸው፤ እኔ መኖራቸውን አላውቅም ነበር።

«ህትመት 7» የሚለውን ስጽፍ ራሴ ደነገጥኩ። ማሽኑ አንድ ነው።

ቁጥር የሚወስን ነገር የለንም፤ የመጣው ሁሉ ይገባል። የማስረከቢያ መዝገቡን አገላብጬ ባለፉት አራት ሳምንታት 44 ሥራ አስረክበናል፣ በሳምንት 11 መሆኑ ነው።

የመስመር አለቃ
ኅዳር 19

እህቴ፣ ቁጥሮቹን ስላመጣሽ ሥራዬን አቀለልሽልኝ። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የመስመር ሱፐርቫይዘር ሆኜ ሠርቻለሁ። ጨርቅና ወረቀት ቢለያይም በሽታው አንድ ነው፣ በዝርዝር ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ስለ ነገሩ ምንጭ። ካንባን ከቶዮታ ነው የመጣው፣ ከጦርነቱ በኋላ፣ ታይቺ ኦኖ በሚባል የምርት ኃላፊ እጅ። ሐሳቡን ያገኘው ከአሜሪካ ሱፐርማርኬት ነው፦ ደንበኛ ከመደርደሪያው ያነሳውን ያህል ብቻ ነው ሠራተኛው የሚተካው። ፋብሪካው ውስጥ ይህን የሚያስፈጽመው ካርድ ነበር። የሚቀጥለው ክፍል ዕቃ ሲወስድ ካርዱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ካርድ ያልተመለሰለት ክፍል አይሠራም። ልብ በዪ፣ ካርዱ ፈቃድ ነው። የቁጥሩ መወሰን ነው ካንባን ያደረገው። ከቁጥሩ ውጭ የተሰቀለ ሰሌዳ ዝርዝር ብቻ ነው፤ ዝርዝር ደግሞ ደብተርም ይይዘዋል። ሥልጠና ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይሄ ነው፣ በጣም ያሳዝነኛል። አገራችን ውስጥ የካይዘን (የጃፓኖቹ የሥራ ማሻሻያ ዘዴ) ኢንስቲትዩት በ2011 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ወዲህ 5ቱን «ማ» (ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ) ግድግዳው ላይ ያልለጠፈ ፋብሪካ ጥቂት ነው፤ የመስመሩን ክምችት የወሰነ ግን እኔ የገጠመኝ በጣት የሚቆጠር ነው።

አሁን ያንቺን ቁጥር እንየው። ከዲዛይን እስከ ጥረዛ በእጃችሁ ያለው 11፣ 8፣ 3፣ 7 እና 4፣ ሲደመር 33 ነው። በሳምንት 11 ታስረክባላችሁ። 33 ለ11 ሲካፈል 3። አንድ ሥራ ከተጀመረ በኋላ በአማካይ ሦስት ሳምንት እናንተ ቤት ይቆያል ማለት ነው። ይሄ የእኔ ግምት አይደለም፤ ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1961 እ.ኤ.አ. ማረጋገጫውን ያሳተመው ሕግ ነው፣ የሚገባውና የሚወጣው በተቀራረበ ቤት ሁሉ ይሠራል። ባንክ ወረፋ ላይ የቆመ ሰው ከፊቱ ያለውን ቆጥሮ የሚያሰላውም ይህንኑ ነው። በእጃችሁ ያለውን ወደ 16 ብታወርዱ፣ ማንም ከወትሮው ሳይፈጥን ያው 11 እየወጣ፣ አንድ ሥራ የሚቆየው አንድ ሳምንት ተኩል ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው የሠርግ ካርዱ ጉዳይ ነው። ሰሌዳሽ «እየታተመ ነው» እና «ታትሞ አልቋል» የሚሉትን የሚለይበት ቦታ የለውም። ዲዛይንን፣ ህትመትንና ጥረዛን እያንዳንዳቸውን በመሃል ክፈያቸው፤ ግራው «በእጅ ያለ»፣ ቀኙ «ያለቀ»። ጥረዛ ያለችው ልጅ ሥራ የምትፈልገው ከህትመት «ያለቀ» ውስጥ ነው። ራሷ መጥታ ስቲከሩን ታነሳለች፣ ራሷ ወደ ዓምዷ ታዛውራለች። አንቺ አትንኪው! ማታ እየዞርሽ የምታስተካክዪው ከሆነ የሰሌዳው ባለቤት አንቺ ብቻ ነሽ።

ሦስተኛ፣ ጠዋት ስትነጋገሩ ከቀኝ ወደ ግራ አንብቡት። ከርክክብ ጀምራችሁ «ይሄን ለማውጣት ምን ቀረ?» በሉ። ከግራ ከጀመራችሁ ወሬው ሁሉ ስለ አዲስ ሥራ ይሆናል፣ አራት ቀን መደርደሪያ ላይ የቆየውን ማንም አያስታውሰውም።

ለህትመት ጣሪያው 3 ይሁን፦ አንድ ማሽኑ ላይ፣ አንድ እየደረቀ፣ አንድ ፕሌቱ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ። ለዲዛይን ለሁለት ሰው 4። የህትመት ሦስቱ ቦታዎች ሲሞሉ ዲዛይነሩ አዲስ አይጀምርም፤ ሄዶ ጥረዛውን ያግዛል። ይህን ቀን ጋሼሽ አይወዱትም፣ ተዘጋጂ።

ባለ ሱቁ
ኅዳር 20

ከይቅርታ ጋር፣ በዚህ አልስማማም። እኔም የራሴ ትንሽ ድርጅት አለኝ፤ ማስታወቂያ ሥራ ነው። ደንበኛ ቀብድ ይዞ መጥቶ «ጣሪያችን ሞልቷል፣ ወረፋ ይያዙ» ብለው ጎረቤት ነው የሚሄደው። የቤት ኪራይ ወረፋ አይጠብቀኝም። ፋብሪካ ውስጥ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ አያይዎትም፣ እኛ ጋ ግን ዓይን ለዓይን ነው። ደግሞስ ደመወዝ የምከፍለው ዲዛይነር ሥራ እያለ ወረቀት ሲያጥፍ እንዴት ነው ትርፍ የሚሆነው?

የመስመር አለቃ
ኅዳር 20

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፣ እኔም ሥራ አስኪያጆች በዚህ ነበር የሚሞግቱኝ። ትዕዛዝ መቀበል አይከለከልም። ቀብዱን ይቀበሉ፣ «የገባ ትዕዛዝ» ዓምድ 20ም ይሁን 30 ጣሪያ የለውም። የሚከለከለው መጀመር ነው። ዛሬ ዲዛይኑ ተጀምሮ ሁለት ሳምንት ተኝቶ የሚጠብቅ ሥራ ለደንበኛው ምን ጨመረለት? የተጀመረ ሥራ ደግሞ ራሱን የቻለ ወጪ አለው፤ ደንበኛው «የት ደረሰ?» ብሎ በደወለ ቁጥር አንድ ሰው ተነስቶ ይፈልጋል።

ዲዛይነሩን በተመለከተ፦ የሠርግ ካርዱ ቀሪ ሂሳብ የሚከፈለው ሲረከቡት ነው ብዬ እገምታለሁ። ገንዘቡ ያለው መቁረጫው አጠገብ ከሆነ ሰውም መቆም ያለበት እዚያው ነው።

ኮድና ቡና
ኅዳር 21

የመስመር አለቃ ዋናውን ብሎታል፤ እኔ ከቢሮ ሥራው በኩል ሁለት ነገር ልጨምር።

ዴቪድ አንደርሰን ይህን ዘዴ ከፋብሪካ ወደ ሶፍትዌር ሥራ ያመጣው ሰው ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ውስጥ ለውስጥ ሥራ የሚያገለግሉ ፕሮግራሞችን የሚጠግን አንድ ቡድን ነበር፤ ጥያቄ ተከምሮበት፣ ደንበኞቹ ሁሉ ተማርረውበት። ሲመረምሩት ከባለሙያዎቹ ጊዜ ትልቅ ድርሻ የሚሄደው ለመጣው ጥያቄ ሁሉ የጊዜና የዋጋ ግምት በማዘጋጀት ነበር። ከተገመቱት ውስጥ ብዙዎቹ ጭራሽ አይሠሩም። ግምቱን አስቀሩት፣ በእጃቸው ያለውንም ወሰኑ፣ ቡድኑ ተነፈሰ። እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ፕሮፎርማ የሚያዘጋጀው ማነው? ሦስት ፕሮፎርማ ለማሟላት ብቻ የሚመጣው መሥሪያ ቤት ስንት ነው? ዲዛይነሮችሽ ከሆኑ የሚሠሩት፣ ሰሌዳው ላይ የማይታይ ትልቅ ዓምድ አለሽ ማለት ነው።

ሁለተኛው የደንበኛ ማረጋገጫው ነው። እነዚያ 8 ሥራዎች በእናንተ እጅ አይደሉም፤ ቢሆንም ዝም ብለሽ አትለፊያቸው። የተላከበትን ቀን ስቲከሩ ላይ ጻፊ። ሦስት ቀን መልስ ካልመጣ ይደወልለት፣ ከዚያም ካልመለሰ ወደ «የገባ ትዕዛዝ» ይመለስና ቦታውን ይልቀቅ። ይህን ትዕዛዝ ስትቀበዪ ለደንበኛው ንገሪው፣ በኋላ ቅሬታ አይመጣም።

ቴሌግራሙን በተመለከተ አንድ ሕግ ብቻ ይበቃል፦ ስቲከር የሌለው ሥራ አይሠራም። ወደ ትሬሎ ወይም ሌላ መተግበሪያ ለመሸጋገር ግን አትቸኩዪ። ትሬሎን ራሴ ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ፣ እወደዋለሁም፤ ሁላችሁም አንድ ክፍል ውስጥ እስካላችሁ ድረስ ግን ግድግዳው ይበልጣል። ቀለም የነካው እጅ ስልክ አይከፍትም።

ወረቀትና ቀለም
ጥር 4

ለሁላችሁም፣ በተለይ ለየመስመር አለቃ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እስካሁን ሳልመልስ የቆየሁት ውጤቱን ሳላይ ላለመጻፍ ብዬ ነው። አሁን ይዤ መጣሁ፣ የተሳካውንም ያልተሳካውንም።

ኅዳር 25 ጠዋት ሰሌዳውን ከግድግዳው አውርደን እንደ አዲስ አሰመርነው። ጋሼን ያሳመናቸው የማካፈል ሂሳቡ ነው። ከ33 እና ከ11 ሦስት ሳምንት ሲወጣ ዝም ብለው አዩትና «ለዚህ ነዋ ሁሉም ሰው የሚደውልልኝ» አሉ። ህትመት 3፣ ዲዛይን 4፣ ጥረዛ 4 ብለን በቀይ ጻፍን። መጀመሪያ አዲስ ሥራ ሳንጀምር የተከማቸውን ብቻ ለስድስት ቀን አወጣን።

አለቃ «ተዘጋጂ» ያልከኝ ቀን የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ነው። መብራት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ጠፍቶ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ህትመት ሦስቱም ሞልቷል፣ ዲዛይንም ሞላ። ከዲዛይነሮቹ አንዱ ላፕቶፑን ዘግቶ ጥረዛ ሄዶ የደረሰኝ ፓድ መደርደር ጀመረ። ጋሼ ገቡና «ይሄ ልጅ ምን እየሠራ ነው? የሚሠራ ዲዛይን አጥቶ ነው?» አሉ። ልጁ ቀና ሳይል «ጋሼ፣ ብሠራውም የሚሄድበት የለም» አለና በጣቱ ሰሌዳውን አሳየ። ጋሼ ሄደው ቆሙ፣ ሦስቱን ስቲከሮች አነበቡ፣ ምንም ሳይሉ ወጡ። በዚያን ቀን ሰባት ሰዓት ላይ መሰጠት የነበረበት ሰርተፊኬት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣ። ዘግይቷል፣ ግን ያው ቀን ነው። በድሮው አሠራራችን ሁለት ቀን ይወስድ ነበር።

ትልቁ ለውጥ ግን ዓምዱን በመሃል መክፈሉ ነው። ጥረዛ ያለችው ትንሿ ልጅ (ከሁሉም ዝምተኛ ናት) አሁን እጇን ጠርጋ ትመጣለች፣ «ያለቀ» ውስጥ ያለውን ስቲከር ታነሳለች፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ካርድ በጣቷ ጫፍ ነክታ መድረቁን ታያለች፣ ካልደረቀ ስቲከሩን መልሳ ትለጥፈዋለች። ይህን ማንም አላዘዛትም። እኔ ከኅዳር ጀምሮ ማታ መዞር አቁሜያለሁ።

ቁጥሩ ይኸው። ስቲከር ላይ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ቀን መጻፍ ጀምረናል። ከኅዳር 25 እስከ ታኅሣሥ 30 ባሉት አምስት ሳምንታት 52 ሥራ አስረክበናል። በሳምንት ከ10 ትንሽ ይበልጣል፣ ከበፊቱ አልጨመረም፣ እንዲያውም መብራቱ ጎድቶናል። በእጃችን ያለው ግን ከ14 እስከ 17 ባለው ውስጥ ነው የሚውለው። ከ52ቱ ከግማሽ በላዩ ከተጀመረ በስምንት የሥራ ቀን ውስጥ ወጥቷል። አሁን ለሠርግ ደንበኛ ቀን ስናገር ሆዴ አይፈራም። «የት ደረሰ?» የሚለው ስልክ በግልጽ ቀንሷል።

ፕሮፎርማው እውነት ነበር። አንዱ ዲዛይነር በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ እየተነሳ ነበር የሚሠራው። አሁን ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ አንድ ላይ እኔው እሠራቸዋለሁ። የደረሰኝ ህትመትም ከገቢዎች የፈቃድ ደብዳቤ ካልያዘ ዲዛይን ውስጥ አይገባም ብለናል፤ ቀድሞ ፕሌት ከወጣለት በኋላ ደብዳቤ ስንጠብቅ የምንከርመው ብዙ ነበር።

ያልተሳካው አስቸኳዩ ሥራ ነው። አንድ ብቻ ይፈቀዳል ብለን ከላይ ቀይ መስመር ሠርተን ነበር። በታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ጋሼ በዘመድ፣ በወዳጅና በድሮ ደንበኛ አራት አስቸኳይ አስገቡ። እኛ ባለ አንድ ቀለም ነን፤ ወርቃማ እየታተመ ጥቁር ከገባ ሮለሩ ታጥቦ ቀለሙ ተቀይሮ እስኪነሳ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል፣ ወደ ወርቃማው ለመመለስ ሌላ ግማሽ ሰዓት። በዚያ ሳምንት ኦፕሬተሩ ያጠበበትን ሰዓት ሰሌዳው ጥግ ላይ በእርሳስ ሲጽፍ ሰነበተ። ቅዳሜ ደመርነው፦ ሰባት ሰዓት። ይህን ለጋሼ ገና አላሳየኋቸውም፤ የጥምቀት በዓል ሲያልፍ ረጋ ብዬ ላነሳው ነው።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ባለ 300 ግራም አርት ካርድ በዚህ ወቅት ከገበያ ይጠፋል ወይም ዋጋው ይንራል። ሁለት የሠርግ ሥራዎች ዲዛይናቸው አልቆ፣ ፕሌታቸው ወጥቶ፣ ወረቀት ጠፍቶ ህትመት ዓምድ ውስጥ ስድስት ቀን ተቀመጡ። ከሦስቱ ቦታ ሁለቱን ይዘው ማሽኑ በአንድ ሥራ ብቻ ዋለ። ጣሪያውን ወደ 5 ላንሳው ወይስ እነሱን ላውጣቸው?

የመስመር አለቃ
ጥር 5

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ፣ ያቺ መድረቁን በጣቷ የምታየው ልጅ በጣም ደስ አሰኘችኝ።

ጣሪያውን አታንሺው። 5 ብታደርጊው በሚቀጥለው ወር አምስቱም ወረቀት የሚጠብቁ ይሆናሉ። የቆሙትን ሁለቱን እዚያው ተያቸው፣ ላያቸው ላይ ቀይ ወረቀት ለጥፊና የቆሙበትን ቀንና «ወረቀት የለም» ብለሽ ጻፊ፤ ጠዋት መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ እሱ ይሁን። የቆመ ሥራ ቦታ ይዞ ሲያስቸግር ነው ሰው ወረቀት ፍለጋ የሚወጣው።

ለወደፊቱ ግን ችግሩ ያለው ከግራ በኩል ነው። «የገባ ትዕዛዝ» እና «ዲዛይን» መካከል «ዝግጁ» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሪ። ወረቀቱ መደርደሪያችሁ ላይ ከሌለ፣ ቀብድ ካልተከፈለ፣ ደረሰኝ ከሆነ ደብዳቤው ካልመጣ ወደ ዝግጁ አይገባም። ዲዛይነር ሥራ የሚያነሳው ከዝግጁ ብቻ ነው። የደብዳቤውን ነገር አንቺው ራስሽ ጀምረሽዋል፣ ወረቀቱንም በዚያው ደንብ ያዢው።

ሰባቱን ሰዓት ለጋሼሽ ስታሳዪያቸው የኦፕሬተሩን የእርሳስ ጽሑፍ አትገልብጪው፤ ሰሌዳው ፊት አቁመሻቸው ራሳቸው ይደምሩት። ዝግጁ ውስጥ ስንት ይግባ የሚለውን አሁን አትወስኚ። ሁለት ሳምንት ቁጠሪና እዚሁ ጻፊልኝ።